ታርጋው የማን አፍ ነው?

በ1974 መጀመሪያ ላይ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአሜሪካ፣ የካናዳና የእንግሊዝ ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የሚኖሩት አቶ ጆርጅ ሜይናርድና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማክሲን የመኪናቸውን ታርጋ በፕላስተር መሸፈን ጀመሩ። ሁለት መኪና ነበራቸው፤ አንዷ ቶዮታ ኮሮላ፣ ሌላዋ ፕላይማውዝ። ቁጥሩን አልነኩም። የሸፈኑት ከቁጥሩ ጋር የታተመውን የግዛቲቱን መፈክር ብቻ ነው፦ «ነጻ ሆነህ ኑር፤ አለዚያ ሙት»። ያስቸገሯቸው በመጀመሪያ ፖሊሶች ሳይሆኑ የሰፈር ልጆች ነበሩ። አቶ ሜይናርድ ይለጥፋሉ፣ ልጆቹ ይልጣሉ። በመጨረሻ ሰውየው ተሰላችተው «አለዚያ ሙት» የሚለውን ከነቆርቆሮው ቆርጠው ጣሉት። ቀዳዳውንና የተረፉትን ቃላት ደግሞ በፕላስተር ሸፈኑ።

ኅዳር ላይ ፖሊስ ከሰሳቸው። ሌባነን በምትባለው ከተማ ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ቀርበው ሃይማኖታቸው የማይፈቅደው ነገር መሆኑን አስረዱ፤ ጥፋተኛ ተብለው 25 ዶላር ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም በገደብ ተያዘላቸው። ወር ሳይሞላ እንደገና ተያዙ። አሁን ቅጣቱ 50 ዶላርና የስድስት ወር እስራት ሆነ፤ እስራቱ በገደብ ቢታለፍም ሁለቱንም የገንዘብ ቅጣት እንዲከፍሉ ታዘዙ። ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብለው አሻፈረኝ አሉ። በሰባ አምስት ዶላር ፈንታ አሥራ አምስት ቀን ታሰሩ፤ ጨርሰውም ወጡ።

አቶ ሜይናርድ የይሖዋ ምሥክር ነበሩ። መፈክሩ የአሜሪካ አብዮት ጄኔራል የነበሩት ጆን ስታርክ በ1809፣ በስተርጅና፣ ለጦር ጓደኞቻቸው ከላኩት መልእክት የተወሰደ ነው። ግዛቲቱ በ1945 መፈክሯ አደረገችው፤ በ1969 ደግሞ በቤት መኪኖች ታርጋ ላይ እንዲታተም አዘዘች። ለአብዛኛው የኒው ሃምፕሻየር ሰው ይህ የአያት ቅድመ አያት ጀግንነት ነው። ለአቶ ሜይናርድ ግን ክህደት ነበር፤ የዘላለም ሕይወት የሚሰጠው የእግዚአብሔር መንግሥት ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ለምድራዊ መንግሥት ሲል ነፍሱን አሳልፎ አይሰጥም። በባርነትም ቢሆን መኖር ይሻላል ባይ ነበሩ። በዚህ እምነት መስማማት አያስፈልግም። ዓድዋን እየዘከረ ላደገ አንባቢ እንዲያውም ለጆሮ የሚከብድ ሐሳብ ነው። ጉዳዩን ፍልስፍናዊ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የማንወደውን እምነት የያዘ ሰው፣ የምንወደውን ቃል በጀርባው ተሸክሞ እንዲዞር ማስገደድ ይቻላል ወይ?

ነገሩ ምጸት አያጣም። ስለ ነጻነት የሚናገረውን ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ የሚያወጡት በግዛቲቱ ዋና ከተማ በኮንኮርድ የታሰሩ እስረኞች ናቸው። ዐዋቂ ሰው የመቀመጫ ቀበቶ እንዲያስር የማታስገድድ ብቸኛዋ የአሜሪካ ግዛትም ኒው ሃምፕሻየር ናት። ቀበቶ እሰር የማትል ግዛት መፈክር ሸፈንክ ብላ ሰው አሰረች።

ባልና ሚስቱ ጉዳዩን ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት ወሰዱት። የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ ኒል ዉሊ ስለነበሩ መዝገቡ «ዉሊ በሜይናርድ ላይ» ተብሎ ቀረ፤ ኤፕሪል 20 ቀን 1977 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለሜይናርድ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው። ግዛቲቱ ሁለት ምክንያት አቅርባ ነበር። አንደኛው፣ መፈክሩ ፖሊስ የቤት መኪናን ከሌላው እንዲለይ ይረዳል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ብዙም አላስጨነቀውም፤ የቤት መኪና ታርጋ የራሱ የፊደልና የቁጥር አጻጻፍ ስላለው ያለ መፈክሩም ይለያል። ሁለተኛው የታሪክና የግዛት ኩራትን ማስተማር ነው። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ጠንከር አለ፤ መንግሥት ኩራቱን በሌላ መንገድ ያስተምር እንጂ የግለሰቡን ንብረት ተንቀሳቃሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ አያድርገው፤ የመናገር መብት ያለው ሰው ያለመናገርም መብት አለው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሰውየው በሃይማኖት በር ገብተው በንግግር ነጻነት በር ነው የወጡት። ዳኞቹ እምነታቸው ትክክል ነው አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል አይልም የሚል ክርክር ውስጥ አልገቡም። ስለዚህም አምላክ የለም የሚል ሰው በፖለቲካ ምክንያት ብቻ ያንኑ መፈክር ቢሸፍን ያው ውሳኔ ይጠብቀዋል። ሃይማኖተኛው በተዋጋበት ጦርነት ሃይማኖት የሌለውም ተጠቃሚ ሆነ።

የተቃወሙትም ዳኞች የዋዛ አልነበሩም። በኋላ ዋና ዳኛ የሆኑት ዊልያም ሬንክዊስት በልዩነት ሐሳባቸው አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ አነሱ፤ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚል ጽሑፍ በዶላር ላይ አለ፤ ታዲያ ብሩን በኪሱ የያዘ ሁሉ አማኝ ሆነ ማለት ነው? ደግሞስ ሜይናርድ ከታርጋው አጠገብ «በዚህ አልስማማም» ብለው መለጠፍ ማን ከለከላቸው? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ በኪስም ይደበቃል፤ ለሕዝብ አሳየው የሚል ሕግ የለም፣ የያዘውም ሰው አይታወቅበትም። ታርጋ ግን ካልታየ ወንጀል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ብልጠት አለበት፤ ግን መንግሥት በሰው አፍ ካስቀመጠው ቃል ለመላቀቅ ሰውየው ተጨማሪ እንዲናገር ይጠይቃል። ዝም ማለት የፈለገን ሰው ተናገርና ተላቀቅ ማለት መልስ አይመስልም።

የይሖዋ ምሥክሮች ከዚህ ቀደም በዚሁ መንገድ ተመላልሰውበታል። በ1940 ባንዲራ ሰላም አንልም ያሉ የትምህርት ቤት ልጆቻቸውን ጉዳይ ያየው ይኸው ፍርድ ቤት ስምንት ለአንድ ፈርዶባቸው ነበር። በየከተማው ጥቃት ደረሰባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጦርነቱ ማህል፣ ፍርድ ቤቱ የዌስት ቨርጂኒያን ጉዳይ ሲያይ የራሱን ውሳኔ ገለበጠ። የሜይናርድ ውሳኔ የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

እንግዲህ ታርጋ ለምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚቀጥሉት ጉዳዮች ሁሉ ግን የሚፈቱት በሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ላይ የተሳፈረ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያያል። ከውስጥ የሹፌሩ ነው፤ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ወይም «ማሻአላህ»፣ ከጎኑ ደግሞ ተሳፋሪውን የሚያስቅ ወይም የሚገስጽ የታክሲ ጥቅስ። ከውጭ ያለው የመንግሥት ነው፤ ለረጅም ዓመታት በነበረው አሠራር ቀይ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊ ኮድ 2 የቤት፣ አረንጓዴ ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁር ኮድ 4 የመንግሥት። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የውጭው ጌጥ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም፣ ኃላፊ ነው ይላል። መኪናው መሰረቁን ካስረዳ ይድናል። ሰው ገጭቶ የሚያመልጥን ሹፌር ተከትሎ ሊብሬው ላይ ያለውን ስም የሚያገኘው የተጎዳው ወገን ቁጥሩን ስላነበበ ነው። ቁጥር ሲሸፈን የሚጎዳ ሰው አለ። መፈክር ሲሸፈን ግን የሚጎዳው ማን ነው?

የሕሊናን ጥያቄ በዚህ መንፈስ ማየት ይጠቅማል። እምነቱ ትክክል ነው ወይ ሳይሆን፣ ይህ ሰው ቢታለፍ ሕጉ የቆመለት ሥራ ይበላሻል ወይ ብሎ መጠየቅ። ዳኛም ትራፊክም የመጻሕፍት መምህር አይደሉም፤ ሕጉ ምን እንደሚሠራ ግን ማወቅ አለባቸው።

ችግሩ የሚጠነክረው መንጃ ፈቃድ ላይ ነው። በነብራስካ ግዛት ወይዘሮ ፍራንሲስ ኳሪንግ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ያለውን የተቀረጸ ምስል ክልከላ ቃል በቃል የሚጠብቁ። የሠርጋቸው ፎቶ የለም፤ የቤተሰብ ፎቶ የለም፤ ቴሌቪዥን የለም። አበባም ሆነ እንስሳ ያለበት ጌጥ ቤታቸው አይገባም። ከሱቅ የገዙት ቆርቆሮ ላይ ሥዕል ካለ ወይ ወረቀቱን ይልጡታል ወይ በጥቁር እስክሪብቶ ያጠፉታል። ቤተ ክርስቲያናቸው እንኳ ይህን ያህል አልጠየቃቸውም። እኚህ ሴት የላም እርባታ ያስተዳድራሉ፤ ከቤታቸው ራቅ ብሎ ደግሞ የሒሳብ መዝገብ ይይዛሉ። ገጠር ነው፤ ያለ መኪና መኖር አይቻልም። ግዛቲቱ ያለ ፎቶ መንጃ ፈቃድ የለም አለች።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ይህን ታሪክ ሲሰማ ግራ መጋባቱ አይቀርም። እሱ ያንኑ ኦሪት እያነበበ መሪው ፊት ለፊት ሥዕለ አድኅኖ ሰቅሎ ነው የሚነዳው፤ ለሥዕሉ የሚሰጠው ክብር ለባለ ሥዕሉ ያልፋል ብሎ ስለሚያምን። አንድ ትእዛዝ አንዱን ሥዕል ሲያሰቅል ሌላውን ፎቶ ያስከለክላል። የትኛው በትክክል አነበበው የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ የፌደራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1984 የጠየቀው ሌላ ነው። ነብራስካ ለጊዜያዊ ፈቃድና ለለማማጅ ያለ ፎቶ ትሰጥ ነበር። ለእነዚያ ያለ ፎቶ የማይፈርስ ሥርዓት በወይዘሮ ኳሪንግ እንዴት ይፈርሳል? ፈረደላቸው። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ አራት ለአራት እኩል ተከፈሉ፤ እኩል ድምፅ የሥሩን ውሳኔ ያጸናልና ሴትዮዋ መንጃ ፈቃዳቸውን ያዙ።

ካናዳ ውስጥ ያንኑ ትእዛዝ የሚያነቡ ሰዎች ተሸነፉ። በአልበርታ ክፍለ ሀገር ሁተራይት የሚባሉ፣ ንብረታቸውን በጋራ ይዘው በገበሬ ማኅበር የሚኖሩ ክርስቲያኖች አሉ። ከ1974 ጀምሮ በሃይማኖት ምክንያት ፎቶ ለማይነሱ ሰዎች ልዩ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። በ2003 ክፍለ ሀገሩ ያንን አስቀረው፤ የሁሉም ሰው ፎቶ በአንድ የመረጃ ቋት ገብቶ ፊት በፊት ይመሳከር፣ በሌላ ሰው ስም ፈቃድ የሚያወጣ ይያዝ አለ። ሁተራይቶቹ አማራጭ አቀረቡ፤ ፈቃዱ ላይ «ለመታወቂያነት አያገለግልም» ተብሎ ይጻፍና ያለ ፎቶ ይሰጠን። ክፍለ ሀገሩ በበኩሉ ፎቶው ፈቃዱ ላይ ባይታይም ግድ የለም፣ ቋቱ ውስጥ ግን ይግባ አለ። አልተስማሙም፤ ኃጢአቱ መነሣቱ እንጂ መታየቱ አልነበረምና። በ2009 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራት ለሦስት ፈረደባቸው። ዋና ዳኛ ቤቨርሊ ማክላክሊን የጻፉት የብዙኃኑ ውሳኔ መንዳት መብት ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ ከፈለጉ ሹፌር ይቅጠሩ ይላል።

ይህ ውሳኔ በዚህ ጽሑፍ ሚዛን አያሳምንም። ያለ ፎቶ ፈቃድ የነበራቸው ሰዎች 450 ያህል ነበሩ። ዳኛ ሮዛሊ አቤላ በልዩነት ሐሳባቸው እንዳስታወሱት ደግሞ ከ700,000 በላይ የአልበርታ ነዋሪዎች ጨርሶ መንጃ ፈቃድ ስለሌላቸው ፎቷቸውም ቋቱ ውስጥ የለም። ያን ያህል ቀዳዳ ያለበት ወንፊት በ450 ሰዎች ፎቶ አይደፈንም። ሹፌር ይቅጠሩ የሚለውም ለከተሜ ቀላል ነው፤ የማኅበሩ ሃይማኖታዊ መሠረት ሰው ሳያስቸግሩ ራስን ችሎ መኖር ሲሆን ግን አንዱን እምነት ለመጠበቅ ሌላውን ሽጥ ማለት ነው። የብዙኃኑ ወገን መንግሥት ስለ ማጭበርበር ያቀረበውን ሥጋት በቀላሉ አልናቀውም፤ መናቅም አይገባውም ነበር። ግን ሥጋትን መዘነ እንጂ ቀዳዳውን አልቆጠረም።

በደኅንነት ላይ የሚነሱት ጉዳዮች ባጭሩ ይለፉ። እንግሊዝ በ1976 ባወጣችው ሕግ ጥምጥም ያደረገ ሲክ ሞተር ሳይክል ሲነዳ ሄልሜት እንዳያደርግ ፈቀደች፤ አደጋው የሚያርፈው በራሱ ጭንቅላት ላይ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አሚሾች ዝግ ብሎ ለሚሄድ ጋሪ የታዘዘውን ደማቅ ብርቱካንማ ሦስት ማዕዘን፣ ቀለሙ ለዓለም ማጌጥ ነው ብለው እምቢ አሉ። እዚህ ላይ አደጋው የራሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሹፌርም አለ። እነሱ ግን በባዶ እጅ አልመጡም፤ ብርማ አንጸባራቂ ፕላስተርና ቀይ ፋኖስ እናደርጋለን አሉ። በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ ለሁሉም እኩል የወጣ ሕግ ለሃይማኖት ልዩ ፈቃድ የመስጠት ግዴታ የለበትም ብሎ ወስኖ ነበር። የሚኒሶታ ፍርድ ቤት ግን በዚያው ዓመት የግዛቲቱን የራሷን ሕገ መንግሥት ጠቅሶ ለአሚሾቹ ፈረደ፤ ጋሪው በሌሊት እስከታየ ድረስ የታየበት ቀለም ሥራውን አያበላሽም።

የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሚገደብባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራልና የሌሎች ሰዎች መሠረታዊ መብት አሉበት። የግዛት ኩራት የሚል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ሰው መንግሥትን በታርጋ ሊያናግረውስ ይችላል? ቴክሳስ ውስጥ በተጨማሪ ክፍያ የሚገዙ ልዩ ታርጋዎች ከ350 በላይ ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ፣ የእግር ኳስ፣ «ጎልፍ ብጫወት ይሻለኝ ነበር» የሚል ሳይቀር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የተዋጋው የደቡብ ጦር ተወላጆች ማኅበር የዚያን ጦር ባንዲራ የያዘ ታርጋ ጠየቀ፤ የግዛቲቱ ቦርድ በ2011 ከለከለ። ጁን 18 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት ቦርዱን ደገፈ፤ ታርጋ የመንግሥት ንግግር ነው፤ መንግሥት ሜይናርድን ማናገር እንደማይችል ሁሉ ማኅበሩም መንግሥትን ማናገር አይችልም። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ቻርልስተን ውስጥ አንድ ዘረኛ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰው ገድሎ ስለነበር ውሳኔው የወጣው አገር በሐዘን ላይ ሳለ ነው። የተቃወሙት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ግን፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን ታርጋ ሁሉ የሚያነብ ሰው ጎልፍ መጫወት የቴክሳስ መንግሥት አቋም ነው ብሎ ያስባል ወይ ሲሉ ጠየቁ።

ሁለቱ ውሳኔዎች ሲጋጠሙ ሊጋጩ ይመስላሉ፤ ታርጋው የመንግሥት አፍ ከሆነ ሜይናርድ ለምን ተጨነቁ? የሚያስታርቃቸው ቆርቆሮው ሁለት አፍ ያለው መሆኑ ነው። የሚጽፈው መንግሥት ነው፤ የሚሸከመው ሰው ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲያናግር አይገደድም። ሳውዝ ካሮላይና በ2008 መስቀልና «አምናለሁ» የሚል ቃል ያለበትን ታርጋ በምክር ቤቷ ስታጸድቅ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነበር። ማንም እንዲይዘው አልተገደደም፤ ግን የጻፈችው ራሷ ግዛቲቱ በመሆኗ መንግሥት ሃይማኖት ያዘ ብሎ የፌደራል ፍርድ ቤት አገደው። በመኪናው መስታወት ላይ ሹፌሩ ራሱ ቢለጥፈው ኖሮ አንድም ዳኛ አያየውም ነበር።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባላት የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውንም በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ፈተናውን አልፎ መኪና የገዛው ኢትዮጵያዊ የሚያስመዘግበው ታርጋ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ፖለቲካ ይናገራል፦ መጀመሪያ «ያለ ውክልና ግብር» ይል ነበር፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ «ያለ ውክልና ግብር ይቁም» ይላል፤ የከተማይቱ ነዋሪ ለፌደራል መንግሥት ግብር እየከፈለ በምክር ቤቱ ድምፅ ያለው ተወካይ የለውምና። ቢል ክሊንተን በመኪናቸው አሰሩት፤ ጆርጅ ቡሽ አስነሱት፤ ባራክ ኦባማ በ2013 መልሰው አሰሩት። ተራው ነዋሪም መፈክር የሌለበትን ታርጋ ጠይቆ መውሰድ ይችላል። መፈክሩን በፕላስተር ቢሸፍን ደግሞ የሜይናርድ ውሳኔ ከጎኑ ነው። ውሳኔው ለቁጥሩ፣ ለግዛቱ ስምና ለምዝገባ ስቲከሩ ግን አይደርስም፤ በጌጥ ፍሬም እነሱን የሸፈነ ሰው ቅጣት ሲጻፍበት ሕሊናዬ ብሎ የሚከራከርበት መዝገብ የለውም።